በግራ እጅ የተነሣው አልዓዛር

«ዛሬ ጽዋው የእኅቴን ደጅ አልፎ ሌላ ቤት ሊገባ ነው» አለች ሴትዮዋ፣ የሻይ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ እንዳቀፈች። «ተራው የእሷ ነበር። ግድግዳዋ ላይ ግን ግራ እጁን ያነሣ መድኃኔ ዓለም ሰቅላለች፤ አውርጂው ቢሏት አላወርድም አለች። ጥቁር ነገር ነው፣ በጥላሸት የተጻፈ የሚመስል ወረቀት። ዙሪያውን ደግሞ ጎድጎድ ያለ መስመር አለው፣ ሣጥን ተጭኖት የኖረ ይመስል።»

ይህን የሰማው አካለ ወልድ ነው። ቀኑ እሑድ፣ ጥር ሃያ ሰባት ቀን ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አራት፤ ሰዓቱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት። ቢቸና ውስጥ የጭነት መኪኖች ከሚቆሙበት ሜዳ ዳር ባለች ሻይ ቤት ተቀምጦ ነበር። አካለ ወልድ በአውራጃው ፍርድ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነው። ዕድሜው ሠላሳ ስምንት፣ ደመወዙ ሰባ አምስት ብር፣ ቤቱ ባለ አንድ መስኮት የኪራይ ክፍል። በዚያ ደመወዝ ሌላው ሰው ባርኔጣ ይገዛል፣ ጠጅ ቤት ገብቶ ጓደኛ ይጋብዛል። እሱ ግን አሮጌ የፈረንጅ ሥዕል ይሰበስባል። ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው፤ የዛሬ ሁለት ሦስት መቶ ዓመት የነበሩ ሠዓሊዎች መዳብ በመርፌ ጭረው፣ ጭረቱን በአሲድ አስበልተው፣ ቀለም አጠጥተው ወረቀት ላይ ያተሙት። እሱ «የመዳብ ሥዕል» ይለዋል። የመጀመሪያውን መንገድ ሊቀይስ የመጣ አንድ ፈረንጅ ሰጠው፤ ከዚያ ወዲህ ልቡ አላረፈም። አሁን አሥራ አንድ አለው፣ ሁሉም የመጽሐፍ ታሪክና የቅዱሳን ነው። አንዱ ላይ አንበሳ አጠገቡ የተኛ ሽማግሌ መነኩሴ አለ። አከራዩ ወይዘሮ አገሬ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ መስሏት ወር በገባ በአምስት እየመጣች ትሳለመዋለች። እሱም አላረማትም። ለምን ያርማታል?

ታዲያ ሴትዮዋ «ጎድጎድ ያለ መስመር» ስትል ሻዩ ትን ሊለው ደረሰ። የዘመኑ ማተሚያ ቤት የሚያወጣው የቀን መቁጠሪያ ሥዕል እንዲህ ያለ መስመር የለውም። መዳቡ እርጥብ ወረቀት ላይ ሲጫን ጠርዙ የሚተወው ጠባሳ ነው፤ ዓይን ቢስተው ጣት ያውቀዋል። ብድግ ብሎ አጠገቧ ደረሰ።

«ይቅርታ እኅቴ፣ መስመሩ በጣት ሲነካ ይታወቃል?»

«የምኑ መስመር?»

«የወረቀቱ። ያ ጎድጎድ ያለው።»

ሴትዮዋ ወደ ጓደኛዋ ዞራ ሳቀች። «የምትጠይቀኝ ስለ ሥዕሉ ነው ወይስ ስለ እኅቴ? ባሏ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም፣ ቀስ በል።»

ስሟ ፈንታነሽ ነው። ቢቸና ተድራ የምትኖር፣ ፈትልና ጥጥ የምትነግድ፣ አፏ እንደ እጇ የፈጠነ ሴት። ወደ ሞጣ የምትሄደው ለመድኃኔ ዓለም ማኅበር ነው። አካለ ወልድ ቤቱ ሮጦ አርባ ብር፣ አጉሊ መነጽሩንና ሥዕል የሚይዝበትን ባለ ክር ካርቶን አምጥቶ ተመለሰ። አርባው ብር ለኮትና ሱሪ ያጠራቀመው ነበር። ሰኞ ጠዋት ቢሮ እንዴት እንደሚገባ አላሰበም። ወደ ሞጣ ለሚሄድ የጭነት መኪና ሾፌር ሁለት ሁለት ብር ከፍሎ እሱም ፈንታነሽም ከፊት ተቀመጡ።

መንገዱ የበጋ መንገድ ነው፣ አቧራው ከመኪናው ቀድሞ የሚሮጥ። ደብረ ወርቅ ላይ ራዲያተሩ ውኃ ጠጣ፣ ግንደ ወይን ላይ ጨውና ላምባ ወረደ፤ በየቆሙበት አካለ ወልድ ወርዶ ይቆማል፣ ይመለሳል፣ ሰዓቱን ያያል። «ጸሐፊው፣ ሙሽራ ልታመጣ ነው እንዴ?» አለው ሾፌሩ። «እኔ እኮ በፍጥነት እየነዳሁ ነው፣ አንተ ግን በእግርህ የምትቀድመኝ ትመስላለህ።» እሱ አልሰማውም። ፈንታነሽን ይጠይቃል። ሥዕሉ ላይ ምን አለ? «ዋሻ አለ፣ ከዋሻው የሚነሣ ሰው አለ፣ አልዓዛር ነው ይላሉ።» ጌታ ቆሟል ወይስ ተቀምጧል? «ቆሟል። ግራ እጁን ሽቅብ አንሥቷል።» መስመሩ ቀጭን ነው? «እንደ ሸረሪት ድር ነው፣ አድካሚ ነህ አንተ።»

የቀረውን እሷው ነገረችው። ማኅበርተኞቹ አሥራ ሁለት ናቸው። ወር በገባ በሃያ ሰባት ጽዋው ከቤት ቤት ይዞራል፤ ተራው የደረሰ ሰው ጠላና ዳቦ ያዘጋጃል፣ ካህን ይባርካል፣ የዚያ ቤት ሟቾች ስም ይጠራል። የእኅቷ የይርጋነሽ ባል አቶ ይርሳው ባለፈው ግንቦት ነው የሞተው። ዛሬ ስሙ በገዛ ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠራበት ቀን ነበር። ግን ግራ እጅ የኵነኔ ነው ተባለ፤ በቀኙ ያሉትን በጎች፣ በግራው ያሉትን ፍየሎች የሚለው ተነሣ። ይርሳውም ምናልባት በስውር ካቶሊክ ነበረ የሚል ወሬ ተከተለ። ጽዋው ደጁን ካለፈ ወሬው ፍርድ ሆነ ማለት ነው፤ የይርሳውም ስም ከጸሎቱ ወጣ ማለት ነው።

«አንቺስ ምን አልሻት?» አላት።

ፈንታነሽ ነጠላዋን አስተካከለች። «እኔም አውርጂው አልኳት። 'አንቺም?' አለችኝ። ከኅዳር ወዲህ ሰላምታችን በሰው በኩል ነው።» ከዚያ በኋላ እስከ ሞጣ መግቢያ ድረስ የነጠላዋን ጥለት ስትቆጥር ሄደች።

ስድስት ሰዓት ላይ ደረሱ። የይርጋነሽ ቤት ከገበያው በስተጀርባ፣ አጥሩ የቅንጭብ፣ ጣሪያው ግማሹ ቆርቆሮ ግማሹ ሣር ነው። ውስጡ ተለቅልቆ፣ ተጠርጎ፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል። በግራ በኩል የይርሳው የስፌት መኪና ነጭ ጨርቅ ለብሳ ቆማለች፤ ሰውየው ልብስ ሰፊ ነበር፣ መቀሱ አሁንም ሚስማሩ ላይ አለ። በቀኝ በኩል ሁለት ጋን ጠላ፣ በላዩ የተከደነ ትልቅ ድፎ ዳቦ፣ የተደረደሩ ዋንጫዎች፣ ከጎረቤት የመጡ አግዳሚ ወንበሮች። አካለ ወልድ ዋንጫዎቹን በዓይኑ ቆጠረ። ሴትዮዋ ጽዋው እንደማይመጣላት እያወቀች ሁሉን አዘጋጅታለች፤ አንድ ዋንጫ እንኳ አላጎደለችም። ይርጋነሽ ሃምሳ የሚሆናት፣ ከል የለበሰች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። እኅቷን አየቻት፣ ፈንታነሽም አየቻት፤ ሁለቱም ራሳቸውን ጎንበስ አደረጉ። ፈንታነሽ ሄዳ ከዋንጫዎቹ አጠገብ ተቀመጠችና የጠራውን ዋንጫ እንደገና ታጥብ ጀመር።

«እንግዳ ነው፣ ከቢቸና፤ ሥዕል ሊያይ ነው» አለች፣ ለግድግዳው የምትናገር ይመስል።

ሥዕሉም እዚያው ነበር። ከስፌት መኪናዋ በላይ፣ የመስኮቱ ብርሃን በሚያርፍበት፣ ባለ እንጨት ክፈፍ። አካለ ወልድ ጫማውን ማውለቁን አላስታወሰም፤ በኋላ ሲያይ በባዶ እግሩ ቆሞ ነበር። የዋሻው ጨለማ በሺህ ጭረት የተሠራ ነው፤ ጭረቱ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ አልዓዛር ፊት ላይ ሲደርስ ወረቀቱ ባዶ ይሆናል፣ ያ ባዶ ወረቀት ብርሃን ሆኗል። ሟቹ ገና ዓይኑን እየገለጠ ነው። አንዲት ሴት እጆቿን ዘርግታ ወደ ኋላ ተንጋላለች። ጌታም በድንጋዩ ላይ ቆሞ ግራ እጁን ከራሱ በላይ አንሥቷል። «ላውርደው፣ እትዬ?» ብሎ አስፈቀደ፤ አወረደው፤ የክፈፉን ጀርባ ከፍቶ ጣቱን በጠርዙ ላይ አስኬደ። ጠባሳው አለ። በአራቱም ማዕዘን አለ። አጉሊ መነጽሩን አቀረበ፤ የዘመኑ ማተሚያ የሚተወው ነጠብጣብ የሚባል የለም፣ መስመር ብቻ። ከአሥራ አንዱ አንዱም ይህን አያህልም።

«ከየት ነው ያገኙት?» አላት፤ በደስታ ብዛት ድምፁ ቀጥኗል።

«ይርሳው ነው። ደብረ ማርቆስ ለአንድ ግሪክ ነጋዴ ሁለት ሱሪ ሰፍቶለት፣ ሰውየው የሚከፍለው ቢያጣ ይህንን ሰጠው። ተታለልክ ብዬው ነበር።» ሳቅ አለች። «ሲታመም አልጋውን ወደዚህ አዙሩልኝ አለ። 'ይርጌ፣ አልዓዛርስ አራት ቀን ሆኖት ነበር' ይለኝ ነበር።»

አካለ ወልድ ሃያ ብር አለ። የዳቦውን ክዳን አስተካከለች። ሠላሳ አምስት አለ። «ልጄ፣ ዳቦዬን አየህ፣ ጠላዬን አየህ። ብር ቸግሮኝ ይመስልሃል?» አለችው፤ ሳትቆጣ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ማኅበርተኞቹ መጡ። የመጡት ሊቀመጡ አይደለም፤ ጽዋው ወደ ሌላ ቤት መዞሩን ሊነግሯት ነው። ከፊት የማኅበሩ አለቃ፣ ማኅበርተኛው «ሙሴ» የሚላቸው አቶ ወልደ ኪዳን ናቸው። የአጥቢያ ዳኛም ስለሆኑ ካባቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ደፍ ላይ ቆሙ። ከኋላቸው የነፍስ አባትየው አባ ገብረ ሕይወት፣ ቅኔ አዋቂ፣ ጥርሳቸው ያለቀ ሽማግሌ። ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል። ሌሎቹ ደጁ ላይ ተኮልኩለዋል።

«ወይዘሮ ይርጋነሽ፣ ሥዕሉ ወርዷል እንዴ?» አሉ ሙሴው፤ ድምፃቸው ላይ ተስፋ ነበር፤ እሳቸውም በዚህ ነገር ደስ ያላቸው ሰው አልነበሩም።

«ለእንግዳ ወረደ እንጂ ይመለሳል።»

አንዲት ወፍራም ማኅበርተኛ አንገቷን አስግጋ ሥዕሉን አየችው። «ደግሞ ይሄ በጎን የቆመ አንድ ዓይናው ማነው?»

«ጴጥሮስ ሳይሆን አይቀርም» አለ አካለ ወልድ።

«ጴጥሮስ ዓይኑ ምን ሆነ? አንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳና ሰይጣን ነው።»

«በጎን ስለቆመ ነው፣ እትዬ። ሁለተኛው በዚያ በኩል አለ።»

«ታዲያ ዞሮ አይቆምም ነበር?» አለችና ደጅ ያሉት ሳቁ። ሙሴው አልሳቁም። አካለ ወልድ ማን እንደሆነ ጠየቁ፤ የአውራጃው መዝገብ ቤት ጸሐፊ መሆኑን፣ ሥዕሉንም ሊገዛ መምጣቱን ሲሰሙ ፊታቸው ፈካ አለ።

«እሰይ። ነገሩ አለቀ። አንተ ሥዕሉን ይዘህ ወደ ቢቸና ትሄዳለህ። እሷ 'ባለማወቅ ነው' ብላ ንስሐ ትገባለች። ጽዋው አሁኑኑ ይገባል፣ ማንም ቅር አይለውም። ብርም አታውጣ፤ የተሳሳተ ነገር አይሸጥም።»

ሁሉም አካለ ወልድን አዩት። ሥዕሉ በእጁ ነው። ካርቶኑ በብብቱ ነው። ክሩን መፍታት ብቻ ነበር የቀረው። ይርጋነሽ ወደ ስፌት መኪናዋ ሄዳ የጨርቁን ጠርዝ አስተካከለች፤ ከዚያ ጀርባዋን እንደሰጠች ተናገረች። «ውሰደው ልጄ። ደክሞኛል። ግን አንድ ነገር ንገረኝ፤ ይርሳው በስሕተት ፊት ተኝቶ፣ በስሕተት ተጽናንቶ ነው የሞተው ልበል?»

አካለ ወልድ መልሱን ያውቅ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ማኅተም ሲመታ የኖረ ሰው ነው፤ የመጀመሪያውን የመዳብ ሥዕል ባየ ዕለት ገብቶታል። ግን ከተናገረ ሥዕሉ ወደ ሚስማሩ እንደሚመለስ፣ ዝም ካለ ደግሞ የእሱ እንደሚሆን ያውቃል። ልጆቼ፣ አትፍረዱበት፤ ዝም አለ። አንድ ዋንጫ ታጥቦ እስኪደፋ ድረስ ዝም አለ። ፈንታነሽ ዋንጫውን ደፍታ ቀና ብላ ስታየው ነው፣ ሥዕሉን ስፌት መኪናዋ ላይ አስቀምጦ ወደ ደፉ የሄደው።

«ሙሴ፣ የዳኝነቱን ማኅተም ይዘዋል?»

«ማኅተሜ ከእኔ ተለይቶ አያውቅም።»

«እስኪ ማኅተሙ ላይ ያለው አንበሳ መስቀሉን በየትኛው እጁ ነው የያዘው?»

«በቀኙ ነዋ። የንጉሥ አንበሳ በግራው ይይዛል?»

«የናሱን ማኅተም አውጥተው ይዩት።»

ሙሴው ከደረት ኪሳቸው መሐረብ አወጡ፣ ፈቱት፣ ማኅተሙን ወደ ብርሃኑ አዞሩት። አዩት። ከዓይናቸው አራቁት፣ መልሰው አቀረቡት። አባ ገብረ ሕይወትም በትከሻቸው በኩል አዩ። «ግራው ነው» አሉ ቄሱ ቀስ ብለው። ሙሴው ማኅተሙን በመሐረቡ ጠረጉት። አሥራ አራት ዓመት የያዙት ማኅተም ነው።

«ወረቀት ላይ ይምቱትና ይዩ።»

«በባዶ ወረቀት ማኅተም አልመታም» አሉ ሙሴው ነቅተው። «ነገ በላዩ ምን ይጻፍበታል?»

«እንግዲያው እጄ ላይ።»

«እጅ ከሆነ ይሁን። እጅ ይታጠባል።»

ከላምባው ኩራዝ ጥላሸት ጠረጉ፣ ማኅተሙን ቀቡት፣ የአካለ ወልድ መዳፍ ላይ ጫን አድርገው አነሡት። አንበሳው ተገልብጦ ወጣ፤ መስቀሉ በቀኙ ነው። ደጅ ያሉት እየተጋፉ ገቡ፤ ማንም ደፉን ማለፉን ልብ አላለም። አካለ ወልድም መዳፉን እንደ ዘረጋ ተናገረ፤ እንዲህ ብዙ ተናግሮ አያውቅም። «ይህም ሥዕል እንዲሁ ነው። ሰውየው መዳቡ ላይ የሣለው ጌታ ቀኝ እጁን ሲያነሣ ነው። ወረቀቱ ላይ ሲያትመው ዞሮ ግራ ሆነ። ማኅተም ቀራጭ ፊደሉን ገልብጦ ይቀርጻል፤ ይህ ሠዓሊ ግን አልገለበጠም፣ ልቡ እንደመራው ሣለ። ሌላ ነገር የለውም። አቶ ይርሳው የሰቀሉት ቀኝ እጅ ነው።»

አባ ገብረ ሕይወት ሥዕሉ ፊት ሄደው ቆሙ፣ ብዙ ቆዩ፣ ከዚያ ያ ጥርስ አልባ አፋቸው ፈገግ አለ። «እሱስ ቀኝ ነው» አሉ። «ግራ የገባው እኛን ነው።» ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበለ ደጅ ድረስ ወጣ፤ ሙሴው ራሳቸው ሁለት ጊዜ ደገሙት፣ በሁለተኛው ሳቁ።

ያኔ ፈንታነሽ ተነሣች። ከቦርሳዋ አንዲት ክብ የእጅ መስተዋት አውጥታ ሥዕሉን ወደ ሚስማሩ መለሰችው፣ መስተዋቷን ከፊት ለፊቱ ያዘች፣ ጎንበስ ብላ አየች። «እትዬ» አለች፣ ከኅዳር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። «እትዬ፣ ነይ እዪ።» ይርጋነሽ መጣች። ሁለቱ እኅትማማቾች ጉንጭ ለጉንጭ ሆነው ወደዚያች ትንሽ መስተዋት ተመለከቱ። ጌታ ቀኝ እጁን አንሥቷል። አልዓዛር ዓይኑን እየገለጠ ነው። ይርጋነሽ የእኅቷን የእጅ አንጓ ይዛ ቀረች። ሌሎቹ ተራ ይዘው አዩ፤ ወፍራሟ ሴትዮ ጴጥሮስ ሁለተኛ ዓይን አውጥቶ እንደሆነ ልታጣራ ሁለት ጊዜ ተሰለፈች።

ጽዋው ገባ። ሙሴው አግዳሚው ላይ የመጀመሪያው ሆነው ተቀመጡ። አባ ገብረ ሕይወት ዳቦውን ባርከው የሟቾቹን ስም ሲጠሩ «ነፍሰ ይርሳው» ላይ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፣ ማኅበሩም በአንድ ቃል መለሰ። አካለ ወልድ በግራ እጁ ዋንጫ ይዞ ጠጣ፤ ቀኙን ጥላሸት ስለነበረበት ዘርግቶ ይዞታል። ሥዕሉን እያየ ነበር፤ የእሱ አይሆንም፣ ደስታው ግን አልበረደም፣ እንዲያውም ባሰበት። ሰባት ዓመት እነዚያን አሥራ አንድ ሥዕሎች በአጉሊ መነጽር ሲመረምር የመስተዋት ነገር ለምን አልታየውም? ሠዓሊው መዳቡ ላይ ጎንበስ ብሎ ያየውን እሱ አንድም ቀን አላየውም። አሥራ አንድ አዲስ ሥዕል ቤቱ ተሰቅሎ እየጠበቀው ነው፣ አንድ ሳንቲም ሳያወጣ።

ይርጋነሽን ተሰናብቶ ወደ ገበያው በጥድፊያ ወጣ። እሑድ ስለሆነ የተከፈተው የአንድ እስላም ነጋዴ ሱቅ ብቻ ነበር። ትልቅ መስተዋት ጠየቀ። ነጋዴው ባለ ቀይ ክፈፍ፣ ክንድ የሚያህል አውርዶ በእጅጌው ወለወለለት፤ አራት ብር ከሃምሳ አለው።

«ለሙሽራ ነው?»

አካለ ወልድ ቀኝ መዳፉን ከፍቶ መስተዋቱ ፊት ዘረጋ። አንበሳው መስቀሉን ወደ ግራው አዛወረው። ዘወር ብሎ መዳፉን አየ፣ እንደገና መስተዋቱን አየ፣ ብቻውን ሳቀ።

«መስተዋቱ ምን ሆነ?» አለ ነጋዴው ደንገጥ ብሎ።

«ምንም አልሆነም። ጠቅልልልኝ፣ በደንብ አድርገህ፤ መንገዱ ሩቅ ነው።»